አስቤዛ በወረርሽኝ ዘመን
ለጅምላና ለችርቻሮ የምግብ ነጋዴዎች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የምግብ ንግድ ወረርሽኝን እንዴት ይቋቋማል?» የሚል ነው። አዘጋጆቹ በስልክ መተግበሪያ ስለማዘዝና ቤት ድረስ ስለማድረስ እንዳወራ ሳይፈልጉ አልቀሩም። ስለ እርሱም ጥቂት እላለሁ። ዋናው ነገሬ ግን ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ አዲስ አበባ ጦሟን እንዳታድር ያደረጓት ዱቤ፣ የእጅ ስልክና የቆየ ትውውቅ ናቸው ብዬ አምናለሁ። እኔ አትክልት አቅራቢ ነኝ፤ የምናገረውም ከዚያ ወገን ሆኜ ያየሁትን ነው።

ጊዜውን እናስታውስ። የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን ነው። ዐቢይ ጾም ገና አልተጋመሰም፤ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጎመንና ቲማቲም ከወትሮው በላይ የሚፈለጉበት ወቅት ነው። በዚያ ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ዝንጅብል በሽታውን ያባርራሉ የሚል ወሬ ተነዛ። የእነዚህ ዋጋ ሲተኮስ መንግሥት ያለአግባብ ዋጋ ጨምረዋል ያላቸውን ሱቆች ማሸግ ጀመረ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሱቁ የታሸገበት ሰው ካለ እጁን እንዲያወጣ አልጠይቅም።

መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰባሰብ ተከለከለ፤ ገበያ ግን አልተዘጋም። ያን ጊዜ «እንደ አውሮፓ ሁሉን ዘግተን ቤታችን እንቀመጥ» ይሉ የነበሩ ብዙ ነበሩ። የዚህ ከተማ ነዋሪ አብዛኛው የዕለት አስቤዛውን በዕለቱ የሚገዛ ነው። የወር ቀለብ የሚያስቀምጥበት ገንዘብም ማቀዝቀዣም የለውም። ገበያው ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ከበሽታው ቀድሞ ረሃቡ በር ያንኳኳ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ገበያው ሳይዘጋ ሰው እንዴት ይራራቅ የሚል ሆነ።

አትክልት ተራን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ፒያሳ መሀል ጠባብ ቦታ ላይ ከመቂ፣ ከዝዋይ፣ ከሻሸመኔ የመጣ አይሱዙ ሌሊት ይገባ ነበር፤ ጫኝና አውራጁ፣ ደላላው፣ ቸርቻሪው ትከሻ ለትከሻ ይጋፋ ነበር። ሁለት እርምጃ ተራራቁ ማለት በዚያ ቦታ ቀልድ ነበር። ከተማው ገበያውን አንሥቶ ወደ ጃን ሜዳ ወሰደው። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ሜዳው ሰፊ ነው፣ አየሩም ክፍት ነው።

ነገር ግን ገበያ ሲነሣ የሚነሣው ሳጥንና ሚዛን ብቻ አይደለም። አትክልት ተራ ውስጥ የእያንዳንዱ ሰው መቆሚያ አድራሻ ነበረው። የመቂው ገበሬ ቲማቲሙን የሚልከው ውል ፈርሞ አይደለም፤ «እዚያ ጥግ ላይ ለሚቆመው ሰው» ብሎ ነው። የመርካቶዋና የሽሮ ሜዳዋ ባለጉልት ሽንኩርቷን በዱቤ የምትወስደው ከሚያውቃት ሰው ነው፤ ገንዘቡን ሸጣ ማታ ወይም በማግስቱ ትመልሳለች። ጃን ሜዳ ላይ ያ ሁሉ ጥግ በአንድ ጊዜ ጠፋ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አቅራቢ ቸርቻሪውን፣ ቸርቻሪም አቅራቢውን ፍለጋ ሜዳውን ሲዞር ይውል ነበር። የማያውቁት ሰው ደግሞ ዱቤ አይሰጥም።

የታደገን የእጅ ስልክ ነው። ዘመናዊ ስልክ ማለቴ አይደለም፤ ባለ ቁልፏ ትንሿ ስልክ። ማታ ላይ ደላላው ለቸርቻሪዎቹ ይደውላል፤ ስንት ኩንታል እንደሚፈልጉ፣ በስንት እንደሚገዙ ይነጋገራሉ። የመኪናው ሰሌዳ ቁጥርና የአውራጁ ስም ይነገራቸዋል። ጠዋት የሚመጡት ለመከራከር ሳይሆን ለመረከብ ነው። ቀድሞ ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው ክርክር በስልክ ስላለቀ ሰው ሜዳው ላይ የሚቆይበት ጊዜ አጠረ። ከአጥሩና ከድምፅ ማጉያው ይልቅ መጨናነቁን የቀነሰው ይህ ነው። ይህን ዘዴ ማንም አማካሪ አላስተማረንም፤ ችግር በቅቤ ያስበላል እንደሚባለው ነው፣ ጾም ላይ ብንሆንም።

ከዚያ ክረምት ገባ። ጃን ሜዳ ጭቃ ሆነ፤ የወደቀ ጎመንና ቲማቲም ከጭቃው ጋር ተቦካ፣ ሽታው አላስቆም አለ። ሰፊ ሜዳ ስለተገኘ ብቻ ገበያ አይሆንም። ጣሪያ፣ የውኃ መውረጃ፣ ቆሻሻ ማንሻ መኪና፣ መጸዳጃ ያስፈልገዋል። ጃን ሜዳ ደግሞ የጥምቀት በዓል የሚከበርበት ቦታ ነው፤ በዓሉ ሲቃረብ ገበያው ዳግመኛ ተነሥቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ለጊዜው ተብሎ የተነሣው ገበያ ፒያሳ አልተመለሰም። የከተማው የአትክልት ንግድ ካርታ የተቀየረው በወረርሽኝ ምክንያት ነው፤ ይህን ስንት የከተማ ፕላን ሲያቅደው ኖሮ አልተሳካለትም ነበር።

ስለ ሰፈር ሱቅ ላንሣ። በዚያ ሰሞን በየሰፈሩ ሱቅ በር ላይ ገመድ ተወጠረ። ደጃፉ ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን፣ ከሥሩ ባልዲ፣ አጠገቡ በሽቦ የታሰረ ሳሙና። ደንበኛው ከገመዱ ማዶ ቆሞ የሚፈልገውን ይናገራል፣ ብሩን ሳህን ላይ ያስቀምጣል፤ ባለሱቁ ዘይቱንና ፓስታውን አውጥቶ በርጩማ ላይ ያኖርለታል። እኔ የማቀርብለት አንድ ባለሱቅ ግድግዳው ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ ይምጡ» የሚል ጽሑፍ ነበረው። ጽሑፉ አልተነሣም፤ ከሥሩ ያለው የዱቤ ደብተር ግን በዚያ ግንቦት ከቀድሞው እጥፍ ወፈረ። ሥራቸው የቆመባቸው የሆቴል አስተናጋጆች፣ ተሳፋሪ ያጡ ሾፌሮች የበሉት ከዚያ ደብተር ነው። ማዕድ ማጋራት በሚል ዘመቻ ዱቄትና ዘይት በይፋ ተሰብስቧል፤ መልካም ሥራ ነበር። ባለሱቁ በደብተሩ ያጋራው ማዕድ ግን በቴሌቪዥን አልታየም።

ሆቴሎች ሲዘጉ እኛ አቅራቢዎች ሰላጣና ቃሪያ እጃችን ላይ መበስበስ ጀመረ። እዚያው ከተማ ውስጥ ደግሞ ከቤት መውጣት የፈራ ሰው አትክልት አጥቶ ነበር። ዕቃው አለ፤ አስተሻሸጉና መንገዱ ግን ለሌላ ደንበኛ የተሠራ ነው። በአሜሪካም የሆነው ይኸው ነው። በዚያ ጊዜ የሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ዱቄት ሲጠፋ ወፍጮ ቤቶቹ ስንዴ አላጡም፤ ዱቄቱ ለዳቦ ቤት በሚሆን ትልቅ ከረጢት ነበር የሚታሸገው፣ ለእመቤቶች የምትሆነው ትንሿ ከረጢት አልበቃ አለች። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለምግብ ቤት የታሸገ ምግብ የንጥረ ምግብ መጠን መግለጫ ባይለጠፍበትም ለሸማች እንዲሸጥ ለጊዜው ፈቀደ። እኛም ኩንታሉን ፈትተን በፌስታል መዘንን፤ የአንድ ሳምንት ሽንኩርት፣ ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ በአንድ ላይ አድርገን ሥራ በፈቱ የታክሲ ሾፌሮች ቤት ለቤት ላክን። ለእኛ ፈቃድ የሰጠን ግን አልነበረም፤ የከለከለንም እንዲሁ።

ገንዘቡስ? አትክልት ሁልጊዜ በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥ ዕቃ ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ብሔራዊ ባንክ በቀን ከባንክ የሚወጣ ጥሬ ገንዘብ ለግለሰብ ከ200,000፣ ለድርጅት ከ300,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰነ። ብዙዎቻችን አጉረመረምን። ሆኖም የገበሬውን ሒሳብ ቁጥር ጠይቀን በባንክ ማስተላለፍ የለመድነው ያን ጊዜ ነው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲመጣ መንገዱ ግማሽ ድረስ ተጠርጎ ጠበቀው።

አሁን ወደ መተግበሪያው። ጠቃሚ ነው፤ የከተማውን ጥቂት ሰው በሚገባ አገልግሏል። ግን ከማያ ገጹ ጀርባ ያለውን እንይ። በመጋቢት 2012 ኢንስታካርት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 300,000 ተጨማሪ ሰው እፈልጋለሁ አለ። በየመደርደሪያው የሚሮጥ፣ የሚያነሣ፣ የሚያደርስ ሰው ማለት ነው። ክሮገር የተባለው ትልቅ የሱፐርማርኬት ድርጅት ደግሞ ለሠራተኞቹ በሰዓት 2 ዶላር «የጀግና» ጭማሪ ሰጠ፤ ግንቦት ላይ አነሣው፣ በሽታው ግን አልተነሣም ነበር። የእኛ ጫኝና አውራጅ ጀግና እንኳን አልተባለም። ጭምብሉን ራሱ ገዝቶ፣ ኩንታል ተሸክሞ ሲሮጥ መተንፈስ ሲያቅተው ወደ አገጩ እያወረደ ሠርቷል። እርሱ አንድ ሳምንት ቢተኛ ኖሮ መተግበሪያው የሚያደርሰው ሽንኩርት አይኖርም ነበር።

ስለዚህ ለዛሬው ጉባኤ አንድ የውሳኔ ሐሳብ አቅርቤአለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ይነበባል። ማኅበሩ ለድንገተኛ ጊዜ የሚያወጣው ዕቅድ የደላሎችን፣ የጫኝና አውራጆችንና የባለጉልቶችን የስልክ መዝገብ እንዲይዝና በየስድስት ወሩ እንዲያድሰው፤ ከአባልነት መዋጮ ተቀንሶ ለጫኝና አውራጆች የሕመም ጊዜ ድጎማ የሚሆን ሒሳብ እንዲከፈት፤ ባለጉልቶች የወሰዱት ዱቤ ገበያ በተዘጋ ወይም በተዛወረ ጊዜ የሚከፈልበት ቀን እንዲራዘምላቸው አቅራቢዎች ከአሁኑ እንድንፈርም ነው። ሦስተኛው እኔንም ገንዘብ ያስወጣኛል፤ የመጀመሪያው ፊርማ የእኔ ነው፣ ወረቀቱ መግቢያው በር ላይ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የማትስማሙበት ነገር ካለ ከምሳ በፊት ንገሩኝ፤ ድምፅ ሲሰጥ መከራከር ሰዓት ይፈጃል።

አመሰግናለሁ።