ብረቱ ከምን እንደተሠራ ጠይቁ

እንደምን ዋላችሁ፣ እናቶች፣ አባቶች። ከሐዋሳም ከሩቅ ወረዳም የመጣችሁ፣ ስለ መጣችሁ አመሰግናለሁ።

እኔ ኤምአርአይ ክፍል፣ ማለትም የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያነሳው ማሽን ያለበት ክፍል፣ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ዛሬ የማወራችሁ ልጅ ጀርባ ውስጥ የገባው ብረት ከምን እንደተሠራ ስለሚናገር አንዲት ወረቀት ነው።

አንዲት እናት የስምንት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። የህብለ ሰረሰር እጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቶለት አከርካሪው በብረት ተደግፏል። ከእኛ በፊት የሄዱበት ቦታ «ብረት ስላለበት ኤምአርአይ አይነሳም» ብሎ መልሷቸዋል። ስድስት ወር እንዲሁ አለፈ። «የምን ብረት ነው?» አልኳት። ከፌስታሏ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። እጥፋቱ ተበልቷል፤ «ታይታኒየም» የሚለው ግን ይነበባል። በዚያው ሳምንት ተነሳ።

ታይታኒየምን ማግኔት አይስበውም። እንዲህ ያለ ብረት የገባለት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ኤምአርአይ መነሳት ይችላል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ብረቱ ምስሉ ላይ ጥቁር ጥላ ያጠላል። እጢ ሲመለስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው እዚያው፣ ከጥላው ሥር ነው። ስቲልና ኮባልት ክሮም የሚባሉት ብረቶች ከታይታኒየም የባሰ ያጠላሉ። ብረት ካልሆነው ከካርበን ፋይበር የሚሠሩት ድጋፎች ጥላቸው ትንሽ ነው፤ ለጨረር ሕክምናም ይመቻሉ።

አስቀድመን ካወቅን የማሽኑን አነሳስ እንቀይራለን። ለምሳሌ የማግኔቱ ጉልበት 1.5 ቴስላ በሆነ ማሽን ጥላው ከ3 ቴስላው ይቀንሳል። ካላወቅን ምስሉ ይበላሻል፣ ልጁም እንደገና ይቀጠራል። ትንሽ ልጅ ማሽን ውስጥ ዝም ብሎ ስለማይተኛ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። ጾሙን ያደረ ልጅ ዳግመኛ ሲወጋ ማየት አንጀት ይበላል።

ሐኪሞቻችን፣ እናንተንም ልለምናችሁ። ስትልኩልን «ብረት አለው» ብቻ አትበሉን። ዓይነቱንና የገባበትን ቀን ጻፉልን።

እጢው ወጣ ተብሎ ክትትል አይቆምም፤ ዓመታት ይፈጃል። ልጅ ያድጋል፤ ብረቱ ባለበት ነው። ስለዚህ ጀርባው እንዳይጎብጥ ቆሞ የሚነሳው ራጅም ያስፈልገዋል። አረማመዱ ከተለወጠ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተው፣ ሌሊት ጀርባዬን ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ። ያኔውኑ አምጡት።

ወረቀቱን የያዛችሁ አሁኑኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የጠፋባችሁ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ቦታ ሄዳችሁ ከካርዱ ላይ አስገልብጡ። ከሻይ በኋላ እዚያ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ጋ እቀመጣለሁ። ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናነበዋለን።