ማኑቨር፦ ለአዋላጅ ነርስ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የኮሌጁ ኃላፊዎች፣ ክቡራን ወላጆች፣ ውድ ተመራቂዎች፤ እንኳን ለዚህ ቀን በቃችሁ።

ዛሬ ማኑቨር ስለሚባለው ቃል ላወራችሁ ነው። ከመጽሐፍም ከመምህሮቻችሁም ስትሰሙት ኖራችኋል። እንግሊዞችና አሜሪካኖች አጻጻፉን ይለያዩበታል እንጂ ቃሉ አንድ ነው። የጦር አዛዥ ሠራዊቱን ሲያንቀሳቅስ፣ ሹፌር ረጅም መኪና በጠባብ መንገድ ሲያዞር፣ ካፒቴን መርከቡን ወደብ ሲያስጠጋ በዚሁ ቃል ይጠራል። ፖለቲከኛ በብልጠት መንገዱን ሲያመቻችም እንዲሁ። ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው፤ የላቲን ሥሩ በእጅ መሥራት ማለት ነው። ለእኛ ሙያ የሚስማማው ይሄ ሥሩ ነው።

የሌኦፖልድን ማኑቨር፣ ማለትም የነፍሰ ጡሯን ሆድ በእጅ ዳስሶ የፅንሱን አቀማመጥ ማወቂያውን፣ ሁላችሁም ሠርታችሁታል። በመጀመሪያ ከላይ በኩል ያለው ጭንቅላት ይሁን መቀመጫ በእጃችሁ ትለያላችሁ። ቀጥሎ ጀርባው በየት በኩል እንደሆነ ትፈልጋላችሁ። ከዚያ ከታች የቀደመውን ታያላችሁ። በመጨረሻ ወደ እናቲቱ እግር ዞራችሁ ምን ያህል ወደ ዳሌ እንደወረደ ትገምታላችሁ። አልትራሳውንድ በሌለበት ጤና ጣቢያ የምትተማመኑት በዚህ ነው። እጃችሁን አሙቁ፣ እናቲቱን አስፈቅዱ፣ አትቸኩሉ።

የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላው ነው። ሾልደር ዲስቶሺያ። የሕፃኑ ጭንቅላት ወጥቷል፤ ትከሻው ግን ከእናቲቱ የፊተኛው የዳሌ አጥንት ኋላ ተቀርቅሯል። ጭንቅላቱ ወጣ ይልና መልሶ ወደ ውስጥ ይሳባል። ያለን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። በዙሪያው ያለው ሰው «አምጪ! አምጪ!» ይላል። ያኔ እጃችሁ ልጎትት ይላችኋል። አትጎትቱ! ከአንገት ወደ ክንድ የሚሄደው ነርቭ ከተጎዳ የልጁ ክንድ ሽባ ሊሆን ይችላል። የማህፀኑንም አናት አትጫኑ፤ ትከሻውን ይበልጥ ያጣብቀዋል።

እርዳታ ጠይቁ። ሰዓቱን ያዙ። ከዚያ ማክሮበርትስ የሚባለው ማኑቨር፦ ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ሆኖ የእናቲቱን ጉልበት አጥፎ ጭኗን ወደ ሆዷ ያስጠጋል። ዳሌዋ አቀማመጡን ይቀይራል፤ የተያዘው ትከሻ መውጫ ያገኛል። ሌላ ሰው ከፊተኛው የዳሌ አጥንት በላይ በመዳፉ ይጫናል። ብዙ ጊዜ በዚህ ይፈታል። ነገሩ ጉልበት አይጠይቅም፤ ቅደም ተከተሉን ማወቅና አለመደንገጥ ይጠይቃል።

ካልሆነስ? እናቲቱን ገልብጣችሁ በእጇና በጉልበቷ እንድትደገፍ አድርጉ። ይሄ የጋስኪን ማኑቨር ይባላል። ታሪኩን ስለምወደው ልንገራችሁ። ኢና ሜይ ጋስኪን አሜሪካዊት አዋላጅ ናት። ዘዴውን የተማረችው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1976 ቤሊዝ ውስጥ ከነበረች ሴት ነው። ያቺ ሴት ደግሞ ያገኘችው ከጓቲማላ ነባር አዋላጆች ነው። በ1998 በሕክምና መጽሔት በወጣ ጥናት ዘዴው ከተሞከረባቸው 82 ወሊዶች 68ቱ ሌላ ማኑቨር ሳያስፈልጋቸው ተገላግለዋል። የጓቲማላ አዋላጆች ስም ግን መማሪያ መጽሐፋችን ላይ የለም። ይሄ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የልምድ አዋላጅ እናቶቻችንን አትናቁ። የሚጎዳ ልማድ ሲያጋጥማችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ የሚያውቁትን ግን ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። በገጠራችን ተንበርክኮ መውለድ የለመዱ እናቶች አሉ። አንዷ መጥታ «አልጋው ላይ አልተኛም፣ ልንበርከክ» ብትላችሁ አትቆጧት። ለጤናዋ የሚያሰጋ ነገር እስከሌለ ድረስ በፈለገችው አኳኋን አዋልዷት። በአልጋው ምክንያት ጤና ጣቢያ የምትሸሽ እናት ቤቷ ደም ሲፈሳት ማን ይደርስላታል?

እዚህ የተገኛችሁ የሆስፒታልና የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። እነዚህ ልጆች ስኪል ላብ በሚባለው የተግባር መለማመጃ ክፍል ውስጥ በሞዴል ተለማምደዋል። ሥራ ከጀመሩ በኋላ ግን ልምምዱ ሲቋረጥ እናያለን። ሾልደር ዲስቶሺያ ድንገት የሚመጣና በየቀኑ የማያጋጥም ስለሆነ እጅ ይረሳል። እባካችሁ በየተወሰነ ጊዜ የማዋለጃ ክፍሉ ሠራተኛ ሁሉ፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ጭምር፣ አብሮ ይለማመድ። እግር የሚይዘው ማነው? ሰዓት የሚይዘው ማነው? ሐኪም የሚጠራውስ? ይሄ ወላዷ ሳትገባ በፊት ይታወቅ።

ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ። አመሰግናለሁ።