ወደ ዋሻ የገባ ትዕቢት፦ ኢሳይያስ ምዕራፍ 2

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ የምንቆየው ኢሳይያስ ምዕራፍ 2 ላይ ነው፤ ከቁጥር 6 እስከ 22። ሰይፍ ማረሻ የሚሆንበትን መጀመሪያውን ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን። ቀጥሎ ያለውን ግን ስለሚያስፈራን ነው መሰለኝ፣ እንዘለዋለን።

እርሳስ ያዙና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በመጀመሪያ መሞላትን የሚናገረውን ቃል አስምሩበት፤ በዕብራይስጡ ከቁጥር 6 እስከ 8 አራት ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ ሕዝቡ ከምሥራቅ በመጣ ነገር ተሞላ፤ ከዚያ ምድሪቱ በብርና በወርቅ ሞላች፣ በፈረስ ሞላች፣ መጨረሻ ላይ በጣዖት ሞላች። ዘዳግም 17ን አጠገቡ ክፈቱት። ንጉሥ እንዳያበዛ ከተከለከለው ውስጥ ፈረስ፣ ብርና ወርቅ አሉበት። ነቢዩ የሚያነበው ክስ ከሕጉ የተወሰደ ነው።

አሁን ቁጥር 12 ላይ ድረሱ። የእግዚአብሔር ቀን «በ... ሁሉ ላይ» ነው ይላል፤ እስከ ቁጥር 16 ይህ አነጋገር 10 ጊዜ ይደጋገማል፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ። ትዕቢተኛውና ከፍ ያለው፣ የሊባኖስ ዝግባና የባሳን ዛፍ፣ ተራራና ኮረብታ፣ ግንብና ቅጥር፣ የተርሴስ መርከብና የሚያምረው ዕቃ ሁሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ዝግባው ምን አጠፋ ይላል። ልብ በሉ፣ ዝግባው ይቆረጣል፣ ግንቡ ይፈርሳል የሚል ግሥ የለም። የሚያዋርደው ግሥ ቁጥር 12 ላይ ከትዕቢተኛው ጋር ይመጣል፤ ቁጥር 17 ላይ ሲመለስም የሚያርፈው ሰው ላይ ነው። ዛፉና ግንቡ የሰው ልብ ቁመት የተለካባቸው ናቸው። ከፍታ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ቁጥር 2 ላይ የእግዚአብሔር ቤት ተራራ ከኮረብቶች በላይ ከፍ የሚለው በዚያው በዕብራይስጥ ግሥ ነው።

ኢሳይያስ ያየውን ዘመን አስቡ። የይሁዳ ንጉሥ ዖዝያን 52 ዓመት ነገሠ። 2ኛ ዜና መዋዕል 26 በኢየሩሳሌም ግንብ እንደሠራ፣ የኤላትን ወደብ እንዳስመለሰ፣ 307,500 ሠራዊት እንደነበረው ይቆጥራል። ከዚያ በበረታ ጊዜ ልቡ ታበየ፤ ሊያጥን መቅደስ ገባ፣ ለምጽም ግንባሩ ላይ ወጣ። ግንብና መርከብ በዝርዝሩ መግባታቸው ለይሁዳ ሰሚ ባዳ ነገር አልነበረም።

ወደ ፍርሃቱ እንምጣ። ቁጥር 10፣ 19 እና 21 ሦስቱም ሰውን ወደ ዓለት ይሰዱታል። እኔን ዘወትር የሚያስደነግጠኝ ቁጥር 19 ነው። እግዚአብሔር የሚነሣው ምድርን ሊያናውጥ ነው፤ ሰውም ከዚያ የሚሸሸው ወደዚያችው ምድር ሆድ ነው! በዖዝያን ዘመን የምድር መናወጥ ነበር፤ አሞጽ ዘመን ይቆጥርበታል፣ ዘካርያስም ሕዝቡ እንደ ሸሸ ያስታውሳል። ሰሚዎቹ ይህን ቃል ሲሰሙ ጉልበታቸው ሳይብረከረክ አልቀረም።

ቁጥር 20 ላይ ሰው የወርቅና የብር ጣዖቶቹን ለፍልፈልና ለሌሊት ወፍ ይጥላል። ቁጥር 8 ላይ ለእጁ ሥራ ሰግዶ ነበር፣ ቁጥር 9 ላይ ጎበጠ፤ በዕብራይስጥ የሁለቱ ግሦች ድምፅ ይቀራረባል። አሁን ደግሞ ወደ ጉድጓድ እየገባ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ከፊተኛው ዝቅ ይላል። ፍርሃቱ ከውጭ የመጣ ብቻ አይደለም፤ የተመካበት ነገር እጁ ላይ ሲከብደው ያን ጊዜ ይገለጣል።

አንድ ቃል ልጨምር። ቁጥር 12 ላይ ለትዕቢተኛው የተነገረው ቃልና በቁጥር 10፣ 19 እና 21 ለእግዚአብሔር ግርማ የተነገረው ቃል በዕብራይስጥ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በአማርኛ ትዕቢትና ግርማ ስንል ዝምድናቸው ይሸሸገናል። ሰው የወሰደው የእግዚአብሔርን ልብስ ነበር።

ስለዚህ ምዕራፍ 6ን ከዚህ ጋር አንብቡት። ዖዝያን በሞተበት ዓመት ኢሳይያስ ጌታን በረጅምና ከፍ ባለ ዙፋን ላይ ተቀምጦ አየ። ያው የምዕራፍ 2 ቃል ነው። እዚያ ግን ነቢዩ ዋሻ አልፈለገም፤ «ወዮልኝ» ብሎ ባለበት ቆመ፣ ከሱራፌል አንዱም ከመሠዊያው ፍም ይዞ ወደ እርሱ በረረ።