አንድ ማተሚያ ቤት፣ ሦስት ፈቃድ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ርዕሱን ሰምታችሁ እንዳትዘጉት ብቻ፦ የማተሚያ ቤቶች የአካባቢ ጥበቃ ፈቃድ። አውቃለሁ፣ እንቅልፍ ያመጣል። ትንሽ ታገሱኝ።

ማተሚያ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው አይደል? ብዙ ሰው የቀለም ሽታ ይመስለዋል። በነጠላ ወረቀት በሚሠራው፣ ኦፍሴት በሚባለው የኅትመት ዘዴ ግን ቀለሙ ራሱ ያን ያህል አይተንም። የሚሸተው በአብዛኛው ቀለም የሚያዳርሰው ሮለርና ምስሉን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው የጎማ ልባስ (ብላንኬቱ) የሚታጠቡበት ሶልቬንት፣ ማለትም ቀለም የሚያሟሟ ፈሳሽ፣ እንዲሁም ፕሌቱን (ምስሉ ያለበትን ሰሌዳ) በሚያረጥበው ውሃ ውስጥ የሚጨመረው አልኮል ነው። ይሄ የተነነው ነገር ከመኪናና ከፋብሪካ ከሚወጣ የናይትሮጂን ኦክሳይድ ጋር ፀሐይ ላይ ሲገናኝ ኦዞን ይፈጥራል። እዚህ ታች የምንተነፍሰውን፣ ሳንባ የሚጎዳውን ኦዞን ማለቴ ነው።

ያው ሶልቬንት ደግሞ ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ ጨርቁ ቆሻሻ ይሆናል። በፊልም የሚሠራ ቤት ከሆነ ፊልሙ የታጠበበት ፈሳሽ ብር፣ ማዕድኑ ማለቴ ነው፣ አለበት፤ እሱ ወደ ፍሳሹ ይሄዳል። አየር፣ ውሃ፣ ደረቅ ቆሻሻ፣ ሁሉም ከአንድ ክፍል ነው የሚወጣው።

ሕጉ ግን እንዲህ አላየውም። አሜሪካንን ብንወስድ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) የአየሩ ዋና ሕግ በ1970 ወጣ፣ የውሃው በ1972፣ የቆሻሻው በ1976። እያንዳንዱ ያስፈልግ ነበር፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ችግሩ እያንዳንዱ የራሱን ቢሮ፣ የራሱን ቅጽ፣ የራሱን ተቆጣጣሪ ይዞ መምጣቱ ነው። ቅጾቹ ደግሞ ለትልልቅ ፋብሪካ ታስበው የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ ጥቂት ሠራተኛ ያለውን ማተሚያ ቤት ስለ ጭስ ማውጫ ቁመት ይጠይቁታል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

የወረቀቱ ብዛት ግን ለእኔ ትንሹ ችግር ነው። ዋናው ይሄ ነው፦ የአየር ተቆጣጣሪው መጥቶ «ትነቱን ቀንሱ» ይላል። ባለቤቱ ይታዘዛል፣ በውሃ የሚታጠብ ማጽጃ ይገዛል። ትነቱ ቀነሰ፣ የአየሩ ሰውዬ ደስ ብሎት ሄደ። እጣቢውስ? ወደ ቱቦው። አሁን የውሃው ሰውዬ ይመጣል። ብክለቱ ክፍል ቀየረ እንጂ ከቤቱ አልወጣም። ሦስት ሰው ሦስት ጥግ ይዞ ስለሚያይ ቤቱን በሙሉ ያየ የለም።

በ1994 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ስድስት ኢንዱስትሪዎችን መርጦ አሠራሩን እንደገና ለማየት ሲነሳ፣ ኅትመት ከስድስቱ አንዱ ነበር። ከዚያ የመጣው ሐሳብ ለማተሚያ ቤቱ ሦስቱንም የሚያጠቃልል አንድ ስምምነት ይሰጠው የሚል ነው። ጎረቤቱም አስተያየት ይስጥበት። በተፈቀደው የብክለት ጣሪያ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ደግሞ ቀለም ወይም ማጠቢያ በቀየረ ቁጥር አዲስ ማመልከቻ አይጻፍ።

ይቺን የመጨረሻዋን እወዳታለሁ። አዲስ ማጠቢያ ለመሞከር ወራት መጠበቅ ካለብህ ምን ታደርጋለህ? አሮጌው ላይ ትቆያለህ። አሮጌው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የባሰው ነው። እና ቀርፋፋ ፈቃድ አካባቢን ይጠብቃል የምትሉ ካላችሁ፣ እኔ አልስማማም።

የአሜሪካዋ ግዛት ማሳቹሴትስ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሌላ መንገድ ሞክራለች። ባለቤቱ የሚጠበቅበትን አሟልቶ በየዓመቱ ራሱ ፈርሞ ያረጋግጣል፤ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ በዕጣ እየመረጠ ሄዶ ያያል። እዚህ ላይ ትንሽ እጠራጠራለሁ። ዕጣው ሲደርሰው በሩን የሚያንኳኳ ከሌለ ፊርማው ወረቀት ማቆሸሽ ብቻ ነው የሚሆነው። በጀት ሲቀነስ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀረው ማንኳኳቱ ነው።

ደግሞ የአሜሪካ የ2013ቱ የጨርቅ ደንብ አለ። ሶልቬንት የነካ ጨርቅ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ምን እንደሆነ ይጻፍበት፣ የሚንጠባጠብ አይኑርበት፣ ከ180 ቀን በላይ አይከማች። እነዚህን ያሟላ ሰው ጨርቁን እንደ አደገኛ ቆሻሻ ከመቁጠር ግዴታ ይድናል። ማሽኑ ላይ የቆመ ሠራተኛ በቃሉ ሊይዘው የሚችል ትእዛዝ! ማቅለል የምለው ይሄን ነው። ገደቡን ከፍ አድርጎ «አቀለልንላችሁ» የሚል ባለሥልጣን ግን ሌላ ሥራ ነው የሠራው፤ ስሙን አይዋስ።

እኔ ቅጹን ብጽፈው በዚህ እጀምር ነበር፦ በወር ስንት ሊትር ሶልቬንት ገዛችሁ? ስንቱ መደርደሪያ ላይ ቀረ? ስንቱ ተሰብስቦ ተወሰደ? የጎደለው ወይ አየር ላይ ነው፣ ወይ ቱቦ ውስጥ። የየትኛው ቢሮ ጉዳይ እንደሆነ እነሱ ይነጋገሩበት። ለመልሱ ደግሞ አማካሪ መቅጠር አያስፈልግም፤ የግዢ ደረሰኝና የቆሻሻ ሰብሳቢው ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ አሉ።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።