ጳጉሜን 3 የት ገባች?

[ስክሪን ላይ፦ የምዝገባ ቅጽ። በልደት ቀን ሳጥን ውስጥ 03/13/1985 ይጻፋል።]

ተራኪ፦ አንዲት ሴት ቅጽ እየሞላች ነው እንበል። የተወለደችው ጳጉሜን 3 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው፤ ቀን 3፣ ወር 13። እንዳወቀችው ጻፈች። ቅጹን የሠራው ፕሮግራመር ግን ያሰበው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነበር። «መዝግብ» የሚለውን ስትጫን ቅጹ ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀበላት።

[ስክሪን ላይ፦ ዳታቤዙ። ጃንዋሪ 3፣ 1986።]

ትክክለኛው ቀን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8፣ 1993 ነው። መዝገቡ ላይ ከዕድሜዋ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል በላይ ሆናለች፤ ፕሮግራሙ የሚሠራውን በሚመዘግብበት ሎግ ላይ ግን አንድም የስህተት መስመር የለም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ዝምታ ነው።

ጽሑፉን ወደ ቀን የለወጠው ጃቫ ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋር የሚመጣው ሲምፕል ዴት ፎርማት (SimpleDateFormat) ነው። ይህ የቆየ ክላስ (ዝግጁ የኮድ ክፍል) ካልከለከሉት በቀር ልል ነው። 13ኛ ወር ሲመጣለት አንዱን ትርፍ ወር ወደ ቀጣዩ ዓመት ያሻግረዋል። ፌብሩዋሪ 30ን ማርች ያደርገዋል። ከቀኑ ኋላ የተለጠፈ ትርፍ ፊደልም ቢኖር አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ልልነቱን ማጥፋት፣ ማለትም ሴት ሌኒየንትን (setLenient) ፎልስ ማድረግ፣ ወሮቹንና ቀኖቹን ያስተካክላል፤ ትርፍ ፊደሉን ግን አሁንም አይዝም።

እኔ የምመርጠው በ2014 እ.ኤ.አ. ከጃቫ 8 ጋር የመጣውን የቀን መሣሪያ፣ ጃቫ ታይምን (java.time) ነው። 13ኛ ወርን አይቀበልም፣ ትርፍ ፊደል የተለጠፈበትን ቀንም ይመልሳል። ግን ተጠንቀቁ፦ በራሳችሁ ፓተርን (የቀኑን አጻጻፍ ቅርጽ) ስትሠሩ የሚነሳው «ስማርት» በሚባለው ስልት ነው፤ ፌብሩዋሪ 30ን ድምፁን ሳያሰማ ወደ ወሩ መጨረሻ ያወርደዋል። «ስትሪክት» (ጥብቅ) በሉት። ያኔ ደግሞ በፓተርኑ ውስጥ ዓመቱን በአራት ዋይ (yyyy) ከጻፋችሁ ትክክለኛው ቀን ሁሉ ይወድቅባችኋል፤ ዋይ የዘመን ምልክት (AD ወይም BC) አብሮ እንዲመጣ ይጠብቃል። በአራት ዩ (uuuu) ተኩት።

[ስክሪን ላይ፦ ያው ቅጽ፣ ከሳጥኑ በላይ «የኢትዮጵያ / የፈረንጆች» ምርጫ።]

አሁን ቅጹ ጥብቅ ሆነ፤ ሴትየዋን ግን መለሳት። እሷ ደግሞ አልተሳሳተችም! ስለዚህ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ በራሱ ሕግ መርምሩት። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 30 ሁልጊዜ አለ። ጳጉሜን 6 የምትኖረው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ብቻ ነው፤ 2015 ላይ ነበረች፣ 2016 ላይ አልነበረችም።

[ስክሪን ላይ፦ 06/13/2016 ይጻፋል። ከሥሩ በቀይ፦ «በ2016 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ነበረች። እባክዎ ቀኑን ያስተካክሉ።»]