ደንገጎ ሲጠቁር

ዮናስ፦ የዛሬው ርዕሳችን፣ ተማሪዎች የአየር ንብረት ለውጥ ማስታወቂያ እንዴት ይመርምሩ፣ እንዴትስ ይሥሩ የሚል ነው። ሃኒ፣ ከክበብሽ ልጆች ጋር እሱን ስትሠሪ ነው የሰነበትሽው።

ሃና፦ አቦ፣ ከ"አንቱ" ልጀምር! አንዷ ተማሪዬ ፖስተር ሠርታ መጣች። "ክቡር ነዋሪ፣ እባክዎ አካባቢዎን ይጠብቁ" ይላል። አጠገቧ ያለው ልጅ አየና "ድሬ ላይ ማን አንቱ ይባላል?" አላት።

ዮናስ፦ (ሳቅ) እውነቱን ነው! እኔ አያቴንም አንቺ ነው የምላት።

ሃና፦ እኔም! ግን ልጁ ዋናውን ጥያቄ ነው የጠየቀው። ማስታወቂያው ለማን ነው የሚናገረው? ከዚያ፣ ምን እንዲያደርግ ነው የሚፈልገው? በረዶ ላይ የቆመ ነጭ ድብ አሳየኋቸው። አዘኑ። "እሺ፣ ምን ልታደርጉ ነው?" ስላቸው ጭጭ።

ዮናስ፦ ድቡ ከቀፊራ ገበያ ይርቃላ!

ሃና፦ ስለዚህ ደቻቱ ወንዝ ወሰድኳቸው። በጋ ነው፣ አሸዋ ብቻ። የ1998ቱን ጎርፍ ነገርኳቸው። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ ከ200 ሰው በላይ ነው የሞተው። አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ የጭቃው መስመር ቀርቶ ነበር፣ ከትከሻዬ በላይ። ሦስት ዓመት ቀለም አላስቀባችውም።

ዮናስ፦ ለምን?

ሃና፦ "ይታይ" ትላለች። ያቺ ልጅ ይህን ስትሰማ ፖስተሯን ቀደደችው። አዲሱ ላይ ያለው አንድ ቡናማ መስመር ብቻ ነው። ከሥሩ "ደንገጎ ሲጠቁር ከአሸዋው ውጣ" ይላል። ከላይ ያለው የደንገጎ ተራራ በደመና ሲጠቁር ጎርፍ ወደዚህ ሊወርድ ነው ማለቷ ነው።

ዮናስ፦ ኧረ "አንቱ"ም ቀረ! ግን ማስፈራራት አይሆንም? ሰው የሞተበትም ያየዋል። ደግሞ ያ ጎርፍ የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣው ነው ይባላል? ደጋው ተመንጥሯል እኮ።

ሃና፦ አይባልም፣ እሷም አልጻፈችም። አየሩ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል፣ ስለዚህ ከባድ ዝናብ ይብሳል። ይኼን ያህል ነው የምንለው። አንዱ ልጅ "የሐረማያን ሐይቅ ሙቀት አደረቀው" ብሎ ነበር፣ አሰረዝኩት። መስኖው የት ሄዶ? ለሐረር የተቀዳውስ? ከላይ የወረደው ደለልስ? አንድ ውሸት ከተያዘበት እውነቱንም የሚያምነው የለም።

ዮናስ፦ እሱስ ልክ ነሽ። የማስፈራራቱ ነገር ግን አልተዋጠልኝም።

ሃና፦ ካስፈራህ በኋላ የሚያደርገውን ከነገርከው፣ ለኔ ያስኬዳል። "ውጣ" ብላዋለች እኮ።

ዮናስ፦ እኔ ግን መጀመሪያ የደረሰበት ሰው ይይላት ባይ ነኝ።

ሃና፦ ቅዳሜ አያቴ ቤት ይዛው ትመጣለች። "አንቺ" እያለች ትጠይቃት።