የወንዝ ስቲንግሬይ በቤት ገንዳ፦ ሕጉ የሚያየው ገንዳው የት እንዳለ ነው

[ምስል፦ ጥቁር ገላው ነጫጭ ነጠብጣብ የሞላበት ስቲንግሬይ አሸዋ ላይ ተኝቶ]

ተራኪ፦ ስቲንግሬይ ገላው ጠፍጣፋ፣ ጅራቱ ላይ መርዘኛ እሾህ ያለው ዓሣ ነው። የዚህኛው ሳይንሳዊ ስም ፖታሞትሪጎን ሊዮፖልዲ ነው። ሻጮች «ብላክ ዳይመንድ» ይሉታል። አገሩ ብራዚል፣ የሺንጉ ወንዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን ዓሣ ቤት ማኖርን በመላ አገሪቱ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ የለም። ብዙ ሰው ይህችን ብቻ ሰምቶ ገንዘቡን ይልካል። ጣጣው የሚመጣው ከስቴቱ ሕግ ነው።

ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያ፣ ኔቫዳና አሪዞና የደቡብ አሜሪካ የወንዝ ስቲንግሬዮችን በስም ጠቅሰው ከተከለከሉት እንስሳት ዝርዝር ውስጥ አስገብተዋቸዋል። ሎስ አንጀለስ፣ ዳላስ፣ አትላንታ፣ ላስ ቬጋስ፦ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባቸው ከተሞች እዚሁ ውስጥ ናቸው። ፈቃድ የሚባል ነገር አለ፤ የሚሰጠው ግን ለምርምርና ለሕዝብ አኳሪየም እንዲሁም ለመሰል ሥራ እንጂ ሳሎኑን ለማስዋብ ለፈለገ ሰው አይደለም።

[ምስል፦ የስቴት ሕግ ገጽ፤ አንዱ መስመር በቢጫ ተቀብቶ]

ዝርዝሩን ስትፈልጉ በገበያ ስሙ አትፈልጉ። «ብላክ ዳይመንድ» ብላችሁ ብትጽፉ ምንም አይመጣላችሁም፤ ያኔ የተፈቀደ ይመስላችኋል። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ የሚጽፉት የቤተሰቡን ስም፣ ፖታሞትሪጎኒዴን ነው፤ ያ ስም ሞቶሮ የተባለውን ሌላውን የወንዝ ስቲንግሬይም፣ ሊዮፖልዲንም፣ ሌሎቹን የደቡብ አሜሪካ ዘመዶቻቸውንም ባንዴ ይጠቀልላል። ኔቫዳ ደግሞ ፖታሞትሪጎንና ፓራትሪጎን የመሳሰሉትን ስሞች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ስለዚህ ሁለቱንም ፈልጉ።

«ከዱር የተያዘ አይደለም፣ ገንዳ ውስጥ የተወለደ ነው» የሚለው የሻጭ ማባበያ በእነዚህ ስቴቶች አይሠራም። የተከለከለው ዝርያው ነው። ስቲንግሬይ እንቁላል አይጥልም፤ ግልገሉን በሕይወት ይወልዳል። በተከለከለ ስቴት የተወለደውም ግልገል ያው የተከለከለ ነው።

አሁን ወደ ፌዴራሉ ሕግ እንመለስ። በ1900 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የወጣው የሌሲ ሕግ በአንድ ስቴት የተከለከለን እንስሳ ከሌላ ስቴት አሻግሮ ማስገባትን የፌዴራል ጥፋት ያደርገዋል። ሻጩ ያለበት ስቴት ቢፈቅድም እሽጉ ዳላስ ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል። ግዢው ወይም ሽያጩ ከ350 ዶላር በላይ በሆነ ዓሣ ላይ እያወቁ ከተፈጸመ እስከ 5 ዓመት እስር የሚያደርስ ከባድ ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ ጥሩ ስቲንግሬይ ደግሞ ከዚያ በላይ ማውጣቱ የተለመደ ነው። «አላወቅሁም» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም፤ ሕጉ በተገቢው ጥንቃቄ ቢጠይቅ ኖሮ ያውቅ የነበረንም ሰው ይይዛል።

[ምስል፦ የጅራቱ እሾህ በቅርበት]

ስቴቶቹ ለምን እንዲህ አጠበቁት? አንዱ ምክንያት እሾሁ ነው። ጥርስ ጥርስ ያለው ነው፤ መርዙም ከባድ ሕመም ያመጣል። የተነደፈ ሰው ቁስሉን ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ ባልበለጠ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ሐኪም ቤት ይሂድ። የበለጠ የሚያስጨንቃቸው ግን ዓሣው ማምለጡ ነው። በሲንጋፖር የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ከሰው ገንዳ የወጣ ሞቶሮ ራሱን ችሎ እየተራባ ተገኝቷል። በብራዚልም በ1982 የኢታይፑ ግድብ ሲሞላ ሴቴ ኬዳስ የተባሉት ፏፏቴዎች ሰጠሙ፤ ፏፏቴው አግዶት የኖረው ስቲንግሬይም ወደ ላይኛው ፓራና ወንዝ ዘለቀ። ቀድሞ እንዲህ ያለ ዓሣ በማያውቁት ዳርቻዎች ዓሣ አጥማጆችና ዋናተኞች መነደፍ ጀመሩ። ቴክሳስን የመሰለ ሞቃት ስቴት ቢሠጋ አይፈረድበትም።

ሦስተኛው ደረጃ ዓለም አቀፉ ነው። የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ሊዮፖልዲን፣ ዋላሲን፣ ሄንሌንና አራት ሌሎች ዝርያዎችን ሁለተኛው አባሪ ውስጥ አስገብቷል፤ ውሳኔው በኅዳር 2022 ፓናማ ላይ ተላልፎ ከየካቲት 23 ቀን 2023 ጀምሮ ጸንቷል፤ ቀኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። እነዚህ ዝርያዎች ከላኪው አገር የሳይተስ ፈቃድ ውጭ ድንበር አይሻገሩም። አሜሪካ ለሁለተኛው አባሪ የላኪውን ፈቃድ ትቀበላለች፤ ቅጽ 3-177 የተባለው የማስገቢያ መግለጫም ይሞላል። የአውሮፓ ኅብረት ግን ከዚያ በላይ የራሱን የማስገቢያ ፈቃድ አስቀድሞ ይጠይቃል። ዓሣው አየር ማረፊያ ከደረሰ በኋላ ፈቃዱን ልጠይቅ ማለት አይቻልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዲቃላ ነው። ሊዮፖልዲ ከሞቶሮ ተዳቅሎ የተወለደ ዓሣ መልኩ ማንን እንደሚመስል ለመለየት ያስቸግራል። ስምምነቱ ግን ባለፉት አራት ትውልዶች ውስጥ ሁለተኛው አባሪ ላይ ያለ ወላጅ ወይም አያት ካለው እንደ ንጹሕ ዝርያ ይቆጥረዋል። ሻጩ ዘሩን በጽሑፍ ካልነገራችሁ አትግዙ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ሳይንሳዊ ስሙንና የተገኘበትን አገር ከሻጩ በጽሑፍ ተቀበሉ። በዚያ ስም ለስቴታችሁ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በኢሜይል ጠይቁ፤ የስልክ መልስ ኋላ ማስረጃ አይሆንም። ቀጥሎ የከተማውን ደንብና የኪራይ ውላችሁን እዩ። ከአንድ ሺህ ሊትር በላይ የሚይዝ ገንዳ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፤ አከራዩ ስለ ዓሣው ዝም ቢል እንኳ ስለ ወለሉ ዝም አይልም። ገንዳው የሚታዘዘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ወደ ሌላ ስቴት የምትዛወሩ ከሆነ ጥያቄውን ከመነሳታችሁ በፊት እንደ አዲስ ጀምሩ፤ በቀድሞው ስቴት በሕጋዊ መንገድ የገዛችሁበት ደረሰኝ በአዲሱ ስቴት ፈቃድ አይሆንም። የሚያልፉበት ስቴትም የራሱ ሕግ አለው።

[ምስል፦ ክዳን ያለው የማጓጓዣ ሣጥን፤ አየር የሚነፋ ትንሽ ፓምፕ]

ዓሣውን ለመተው ከተገደዳችሁ ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ አትልቀቁት፤ ይህ ራሱ በሕግ ያስጠይቃል። ፍሎሪዳ ባለቤቱን ሳትከስ እንግዳ እንስሳትን የምትቀበልበት ፕሮግራም አላት። ሌላ ቦታ ከሆናችሁ ለዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ደውሉና መጀመሪያ ስማችሁን ሳትናገሩ «የተከለከለ ዓሣ በፈቃደኝነት የማስረክብበት መንገድ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለማጓጓዝ ስትሉ እሾሁን ራሳችሁ አትቁረጡ፤ እንደገና ይበቅላል፤ ስትይዙትም የሚነድፋችሁ ያኔ ነው። በመረብም አታንሱት፤ እሾሁ መረቡ ውስጥ ይጠላለፋል። ሰፊ የፕላስቲክ ሣጥን ውሃው ውስጥ አጥልቃችሁ ወደ ውስጥ ምሩትና ከነውሃው አንሱት።